የአንድ ሰዓት መንገድ

ረቡዕ ጠዋት ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ከአየር ማረፊያው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ፣ ወይዘሮ ኡሙሰልማ ሞተው ተገኙ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ሴት ልጃቸው ጅዳ ናት፤ ወንዱ አዲስ አበባ። ብቻቸውን ነበሩ።

ኢንስፔክተር ያለምወርቅ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳ ስትደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል።

"አስወጣልኝ" አለች ሳጅን ሙንዚርን።

"ጎረቤት ነው እኮ። ሊያለቅስ ነው የመጣው።"

"ውጭ ያልቅስ።"

ሬሳው ሳሎን ውስጥ ወለሉ ላይ ነው። ጭንቅላታቸው ከኋላ በኩል አብጧል። የመደቡ ጠርዝ ላይ ትንሽ ደም አለ። የተሰበረ በር የለም። የተሰረቀ ነገር የለም። አምፖሉ አልበራም። ስልካቸው መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ ያልተነሳ ጥሪ ደርድሯል። ሁሉም ከአንድ ሰው፣ ሁሉም ማክሰኞ ማታ። ሁዘይፋ ይላል።

"ልጃቸው ነው" አለ ሙንዚር። "አዲስ አበባ ይነግዳል። ጥሩ ልጅ ነው ይላሉ።"

"ማን አገኛቸው?"

"ተከራዩ። በሺር። ባጃጅ ነጂ ነው፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ይኖራል።"

በሺር ከውሃ በርሜሉ አጠገብ ተቀምጧል። ሃያ አምስት ቢሆነው ነው። ጃኬቱ ደረት ላይ ደም አለ።

"ይሄ ምንድነው?"

"አቅፌ አነሳኋት። የምትነቃ መስሎኝ።"

"ማታ የት ነበርክ?"

"ደሴ። ጓደኛዬ ጋ።"

"ስሙ? ስልኩ?"

ሰጣት።

ስትወጣ አንዲት ሰፈርተኛ ሴትዮ ክንዷን ያዘቻት። "የኔ እህት፣ ዶሮዎቿንም ሸለምጥማጥ ጨርሷቸዋል። ላባ ብቻ ነው የቀረው። አይ ቀን!"

"እሺ" አለች ያለምወርቅ፣ እጇን አስለቅቃ። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ፊቷን ነካት። ጤዛ አርሶታል። ገፋ አድርጋ አለፈች።

*

ሬሳው ደሴ ሆስፒታል ሄዶ ለቀብር እስከ ከሰዓት መመለስ ነበረበት። ዶክተር አግማስ ቶሎ ደወለ።

"ማታ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው።"

"እርግጠኛ?"

"እርግጠኛ።"

ስልኩን ዘጋችው።

የደሴው ጓደኛም ተገኘ። "በሺር? እኔ ጋ አላደረም። ወር ሆነኝ ካየሁት" አለ።

በሺር ከእኩለ ቀን በፊት ታሰረ። አለቃዋ ኮማንደሩ ከደሴ ደወለ። "ደም አለበት፣ ዋሽቷል፣ አብሮ ይኖራል። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ምክንያት።"

"እሱ ይነግርሻል። ነገ ማታ ፋይሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይሁን።"

*

ሁዘይፋ ረቡዕ ረፋድ ላይ በአውሮፕላን ደረሰ። ያለምወርቅ ደብዳቤ ጽፋ አየር ማረፊያው ቢሮ ጠይቃለች፤ ስሙ ከመጡት መሀል አለ። የአስር ሰላት ተሰግዶ ቀብሩ እንዳለቀ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀመጠች። አርባ ዓመት ገደማ ነው፤ ንጹሕ ጀለቢያ፣ ያበጠ ዓይን።

"አላህ ይዘንላቸው" አለች። ጴንጤ ናት፤ ግን እዚህ አገር ነው ያደገችው።

"አሚን። አንቺ ነሽ ፖሊሷ?"

"ማክሰኞ ማታ ስትደውልላቸው ነበር።"

"አመሸሁ ስደውል። አታነሳም። ተኝታ ይሆናል አልኩ።" ፊቱን ጠረገ። "አዲስ አበባ እንድትመጣ ስንት ዓመት ለመንኳት። ቤቴን ጥዬ አልሄድም አለች። አንድ ሰዓት እኮ ነው በአውሮፕላን! መጥታ ብትጠላው ትመለስ ነበር።"

"አንተስ መቼ ነው የመጣኸው ለመጨረሻ ጊዜ?"

"ለዒድ።"

"ማክሰኞ የት ነበርክ?"

አልተቆጣም። "መግሪብን መርካቶ ነው የሰገድኩት። ኢሻንም። የሱቅ ጎረቤቶቼን ጠይቂ።"

ጠየቀች። አራት ሰው መሰከረ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲሰገድ መርካቶ የነበረ ሰው አራት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ አይገኝም። በመኪና ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ አሁን ደግሞ ያንን መንገድ በሌሊት የሚደፍረው የለም። ማታ የሚበር አውሮፕላን የለም።

"እስከ መቼ ነህ እዚህ?"

"ነገ ከሰዓት እበራለሁ።"

አጠገቡ የነበሩ ሽማግሌ ዞር አሉ። "ሦስቱን ቀን እንኳን ሳትቀመጥ፣ ሁዘይፋ?"

"ሱቁን የምሰጠው ሰው የለም፣ አባ።"

ሽማግሌው ፊታቸውን አዞሩ።

ያለምወርቅ ማታ ደሴ ቤቷ ገብታ ቆማ ዳቦ በላች። ልጇ አሞጽ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። ደወለችለት፣ አላነሳም። ስልኩን ትራሷ ስር አድርጋ ተኛች።

*

ሐሙስ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ አንዲት ልጅ የምሳ ዕቃ ይዛ ቆማለች። ኢስራ ትባላለች። የደጋን ከተማ ልጅ ናት። የበሺር እጮኛ።

"ነገ ነው ኒካሁ" አለች። "ከጁምዓ በኋላ። አባቴ በሺር እስከ ነገ ጠዋት ካልወጣ እንግዳ አልቀበልም፣ ነገሩ በዚሁ አበቃ ብሏል። አባቴ አንዴ ካለ አለ ነው።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ?" የምሳ ዕቃውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "እማማ ኡሙሰልማ ናት ሽማግሌ የላከችልን። እሱ ወላጅ የለውም። ልጄ ነው ብላ አባቴ ፊት ቆማ የተናገረች እሷ ናት። ሁለቱን የጓሮ ክፍሎች ኑሩበት፣ ስሞት የእናንተ ነው አለችን። ታዲያ እሷን ነው የሚገድል? አታፍሩም?"

ያለምወርቅ የምሳ ዕቃውን ተቀበለቻት። ክፍሉን ከፍታ በሺር ፊት አስቀመጠችው።

"ጓደኛህ ክዷል። የት ነበርክ?"

በሺር የምሳ ዕቃውን አልነካውም።

"ነገ ሰርግህ ነው። እኔ ጊዜ የለኝም፣ አንተም የለህም።"

"ሐርቡ" አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ።

"ሐርቡ ምን?"

"አባቴ አለ። በሕይወት አለ። እናቴን ሳያገባት ነው የወለደኝ፤ ከዚያ ሌላ አገባ። ለኢስራ ቤተሰቦች ሞቷል ነው ያልኩት። ማክሰኞ ማታ ሄጄ ለመንኩት። አርብ አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ ከጎኔ ቁም አልኩት። በሩ ላይ አቆመኝ። ባጃጄ ውስጥ አደርኩ።"

"ለምን ደሴ አልክ?"

"ኢስራ ትሰማለች ብዬ።"

ሙንዚር ራሱ የሐርቡ ልጅ ነው። ሰውየውን ያውቀዋል። ስልክ ደወለ፤ ያለምወርቅ ሰማች።

"ጋሼ፣ በሺር ማክሰኞ ማታ እርስዎ ጋ መጥቶ ነበር?"

"በሺር የሚባል ልጅ የለኝም።"

"መጥቶ ነበር ወይ ነው የምልዎ። ልጁ እስር ቤት ነው።"

"ነገርኩህ። አላውቀውም።"

ተዘጋ። ሙንዚር ስልኩን ትንሽ ይዞት ቆየ።

"ይዋሻል" አለ።

"ማን?"

"ሰውየው። ልጁን ብታዪው አፍንጫው የሱ ነው።"

"አፍንጫ ማስረጃ አይሆንም" አለች ያለምወርቅ። ቁልፉን አነሳች። "ቤቱን እንደገና ልየው።"

*

ግቢው ባዶ ነው። ድንኳኑ ውጭ ነው ያለው። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳትጠይቅ ተቀመጠች።

ልብሱ አሁንም ገመዱ ላይ ነው። ሁለት ነጠላ፣ አንድ ሽርጥ፣ አንድ የወንድ ሸሚዝ። የበሺር ነው የሚሆነው። ማንም አላነሳውም።

ሰፈርተኛዋን ጠራቻት። "መቼ ነው የታጠበው ይሄ?"

"ማክሰኞ ጠዋት። እኔ እያየኋት ነው ያሰጣችው።"

"መቼ ነው የሚያስገቡት?"

"ከአስር በፊት! ሰላቷን ከመስገዷ በፊት። ጤዛ ሊነካው? እሷ? ወላሂ ልብስ ውጭ አሳድራ አታውቅም።"

"ዶሮዎቹስ?"

"እነሱንም ቀን ሳለ ነው የምትዘጋባቸው።"

ያለምወርቅ ተነሳች። ሳሎን ገባች። ማብሪያ ማጥፊያውን አየችው፤ ጠፍቷል። ማታ የተመታች ሴት በጨለማ አትቀመጥም።

"ማክሰኞ ቀን ምንም ድምፅ አልሰማሽም?"

"እኛ የለንም እኮ። ሰፈሩ በሙሉ ለቅሶ ሄዷል፣ ወደ ቢስቲማ። ማታ ነው የተመለስነው። መብራት ስላላየሁ ተኝታለች አልኩ።" ሴትዮዋ ፊቷ ተለወጠ። "ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

ያለምወርቅ ዶክተሩ ጋ ደወለች።

"አግማስ፣ ሲመቱ ወዲያው ነው የሞቱት?"

"ወዲያው አላልኩም።"

"እኔስ ምን ጠየቅኩህ?"

"መቼ ሞቱ አልሽኝ። ስልኩን ዘጋሽብኝ።" ወረቀት ገለበጠ። "ደሙ ውስጥ ነው የፈሰሰው፣ ቀስ እያለ። እንዲህ ዓይነት ሰው መጀመሪያ ደህና ይመስላል። ይነሳል፣ ያወራል። ከዚያ ራሱን ያመዋል፣ ይደክመዋል፣ ይተኛል። ሰዓታት ይፈጃል። አጠገቡ ሰው ካለና ሆስፒታል ከደረሰ ይተርፋል።"

"ሰዓታት ስትል? ቀትር ላይ ተመትተው ማታ?"

"በደንብ።"

ወለሉን አየችው። ከቀትር እስከ ማታ። ሰፈሩ በሙሉ ሌላ ሰው ሊያለቅስ ሄዷል። መደቡ ላይ ስልኩ ይጮሃል።

"አለሽ?" አለ አግማስ።

"አለሁ።"

*

በሺር ማክሰኞ ቀትር ላይ የት እንደነበር ማወቅ አልከበደም። ከኢስራ አክስት ጋር ፍራሽ ገዝቶ፣ ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስሮ፣ ገበያውን ሁሉ እያዞረ ነበር። ፍራሹ ሁለቴ ወድቋል። አውቶቡስ ተራ ያሉት ልጆች ገና ሲነገራቸው ይስቃሉ፤ "ሙሽራው ከፍራሹ ጋር ትግል ገጥሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አላሸነፈም" አሉ።

እሱ አይደለም። ታዲያ ማን?

ሙንዚር የቀትሩን ሰላት፣ ዙህርን፣ ሊሰግድ በዚያው ሰፈር ወዳለው ትንሽ መስጊድ ሄዶ ነበር። ሮጦ መጣ። ሲሮጥ አይታው አታውቅም።

"ነይ። ኢማሙ የሚሉትን አንቺ ራስሽ ስሚ።"

ሸህ አሚር በሩ ላይ ቆመዋል። ሰፈሩ ውስጥ ገና ሁለተኛ ዓመታቸው ነው።

"ማክሰኞ ስንት ሰው ነበር ብሎ ጠየቀኝ" አሉ። "ሰው አልነበረም፣ ሰፈርተኛው ለቅሶ ነበር። እኛ ሰግደን ከጨረስን በኋላ አንድ ሰው ገባ። ማስክ አድርጓል። ጥግ ላይ ብቻውን ቆመ። ዙህርን ሁለት ሰገደ፣ አሰላምቶ ጨረሰ። ተነሳና አስርንም ሁለት ሰገደ። ሲጨርስ ግን አልተነሳም። ግንባሩን ይዞ ቁጭ አለ። 'አብሽር፣ ወንድሜ፣ መንገድ ነህ?' አልኩት። 'አዎ' አለኝና ጫማውን እንኳን በቅጡ ሳያደርግ ወጣ።"

"ከየት ነው የመጣው?"

"አልጠየቅኩም፣ ልጄ። መንገደኛ አይጠየቅም።"

ያለምወርቅ ሙንዚርን አየችው። "እና?"

"ዙህር አራት ረከዓ ነው፣ አራት ዙር ስግደት" አለ ሙንዚር። "አስርም አራት። ወደ ሁለት የሚያሳጥረው ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው ነው።"

"ደሴ?"

"ደሴ ቅርብ ነው፣ አያሳጥርም። ሐርቡም፣ ደጋንም አያሳጥርም። የሰፈሩ ሰው ቢሆንማ ጭራሽ።"

"አዲስ አበባ?"

"አዲስ አበባ ያሳጥራል።"

"የአዲስ አበባ አውቶቡስ ግን ንጋት ነው የሚነሳው።"

"ያ ነው የምልሽ! አስርን አስቀድሞ ለምን ሰገደው? በመኪና የሚሄድ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ ወርዶ ይሰግዳል። መውረድ የማይችል ሰው ነው ቀድሞ የጨረሰው።"

ያለምወርቅ ወደ ሜዳው ዞረች። ከመስጊዱ በር ላይ የአየር ማረፊያው አጥር ይታያል።

"ስንት ሰዓት ነው የዛሬው በረራ?" አለች።

ሙንዚር ሰዓቱን አየ። "ሩጪ።"

*

ትኬት ቢሮ ያለችው እየሩስ የትናንቱን ደብዳቤ ታስታውሳለች። "ትናንት አየሽ እኮ። ረቡዕ መጥቷል።"

"ረቡዕ የመጡትን ነው ያየሁት። ማክሰኞ የሄዱትን አሳዪኝ።"

"ደብዳቤ—"

ያለምወርቅ ባጃጅ ውስጥ ጉልበቷ ላይ የጻፈችውን ሰጠቻት። ማኅተሙ ዘሟል። እየሩስ አነበበችው፤ ኃላፊዋን ጠራች፤ እሱም አነበበው። ያለምወርቅ ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ታንኳኳለች። ኮምፒውተሩ ተከፈተ።

ሁዘይፋ ማክሰኞ ጠዋት መጥቷል። ማክሰኞ ከሰዓት ተመልሷል። ረቡዕ ደግሞ እናቱ ሞተች ሲባል እንደገና መጥቷል።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ አንድ ሰዓት። ለመግሪብ ይደርሳል፣ አንድ ሻይ ጠጥቶም ይደርሳል።

ማረፊያው ውስጥ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። ሻንጣ የለውም። ያለምወርቅ ከጎኑ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሙንዚር በሩ ላይ ቆመ።

"ማክሰኞ ዙህርን የት ሰገድክ?"

ዞሮ አያት። "አዲስ አበባ።"

"ስንት?"

"ምን ማለት ነው ስንት? ዙህር አራት ነው።"

"ሁለት ነው የሰገድከው። ከእናትህ ቤት በላይ ያለው መስጊድ ውስጥ። ስምህንም እዚያ ኮምፒውተር ላይ አይቼው ነው የመጣሁት።"

ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ አውሮፕላኑ ቆሟል፤ ሰዎች ዕቃ ይጭናሉ።

"የአባቴን ቤት ነው" አለ። "ለባጃጅ ነጂ ልትሰጥ የነበረው። በስልክ ነገረችኝ፣ እንደ ደስታ ነገር። ሰው ሳያየኝ አናግሬያት ልመለስ ብዬ መጣሁ። እሱ ማነው አልኳት። 'እሱ ማታ ማታ ይመጣል' አለችኝ። ይሄን ብቻ። ልወጣ ስል እጄን ያዘችኝ፣ ብላና ሂድ አለችኝ። ወረወርኩት እጇን። ወደቀች።"

"ከዚያስ?"

"ተነሳች። ወላሂ ተነሳች። መደቡ ላይ ተቀመጠች። ደህና ነኝ አለች። ጭንቅላቷን ይዛ..." አፉን በእጁ ሸፈነ። "'ሂድ፣ አውሮፕላኑ እንዳያመልጥህ' አለችኝ።"

"ሄድክ።"

"ሄድኩ።"

"ማታ ሳታነሳ ስትቀር ጨነቀህ። የጎረቤት ስልክ የለህም?"

"አለኝ።"

"የበሺርስ?"

"አለኝ።"

"ለምን አልደወልክም?"

"ምን ልበላቸው? ግቡና እዩዋት ብል፣ ምን ሆና ይሉኛል። መምጣቴ ይታወቃል። ጠዋት እደውላለሁ አልኩ።"

"በሺር ሲታሰርስ?"

ተሳፋሪዎቹ ተጠርተው መሰለፍ ጀመሩ። እሱም ከልማድ ሊነሳ ፈለገ። ያለምወርቅ ክንዱን ያዘችው።

*

ኮማንደሩ "ጥሩ ሠራሽ" አለ። ያለምወርቅ መንገድ ላይ ናት፣ አልሰማችውም ማለት ይቻላል። ሳይመሽ ደጋን መድረስ አለባት።

የኢስራ አባት ሱቁ በር ላይ ተቀበላት። ረጅም፣ ደረቅ ሰው ነው።

"ተፈቷል" አለች። "ንጹሕ ነው። ገዳዩ ተይዟል።"

"ሰማሁ። የገዛ ልጇ! ያ ረቢ። በሺር ግን ለፖሊስ ዋሽቷል ይባላል። ማክሰኞ ማታ የት ነበር?"

"በዳዩ ሌላ ሆኖ ሳለ የሱ ማታ ማንንም አይመለከትም።"

"እኔን ይመለከተኛል። ልጄን ነው የምሰጠው። ወላጅ የለኝም ብሎኛል። አንቺ መርምረሻል። እውነት ነው?"

ያለምወርቅ መንገዱን አየች። ጭነት መኪኖች ወደ ሐርቡ ይወርዳሉ። *በሺር የሚባል ልጅ የለኝም።*

"እውነት ነው" አለች። "የለውም።"

ሰውየው ራሱን ነቀነቀ። "ታዲያ ነገ ከማን ጋር ይመጣል?"

"ከሳጅን ሙንዚር ጋር።"

"እኔ?" አለ ሙንዚር ከኋላዋ።

"አዎ፣ አንተ። ሙሉ ልብስ የለህም?"

*

አርብ ጠዋት ቤቱ እንደታሸገ ነው። በሺር የሰርግ ልብሱ ሳሎን ነው ያለው፤ ኡሙሰልማ ሳጥናቸው ውስጥ አጥፈው አስቀምጠውለት ነበር። ያለምወርቅ ማሸጊያውን ልትከፍትለት መጣች። ሙንዚር ውጭ በተዋሰው ኮት ላብ በላብ ሆኖ ባጃጁ ውስጥ ይጠብቃል።

በሺር የግቢውን በር ገፍቶ ገባ። ጫማውን አወለቀ። ሳያስበው፣ ከሥራ እንደሚመለስ ሰው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ተጣራ።

"እማ!"

ወዲያው ገባው። እግሩ ደረጃው ላይ ቀረ። ግቢው ጭጭ አለ። ጀርባውን ሰጥቷታል፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚታያት።

ያለምወርቅ ቁልፉን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከአፏ አመለጣት።

"አቤት" አለች።